የአርባ ሰው ሳሎን

አራተኛው ሶፋ በሩ ላይ ተቀረቀረ። ሚዛን ከውስጥ ትገፋለች፤ ልጇ አቤል ከውጭ ይጎትታል። ሶፋው ግን ወደፊትም ወደኋላም አልል አለ።

«ማሚ፣ ስቶፕ! ጣቴ!»

«ጣትህን አንሳና ጎትት። አራት ሰዓት ሊሆን ነው።»

«ሰዎቹ የሚገዙት ቤት ነው እንጂ ሶፋ አይደለም። ሲሪየስሊ፣ ምን አስጨነቀሽ?»

«ደላላዋ አውጪ ብላለች። አውጣ።»

ሶፋው የበሩን ቀለም ልጦ ወጣ። ቀለሙ የተቀባው ማክሰኞ ዕለት ነበር። ሚዛን ጣሳና ብሩሽ ይዛ መጥታ የተላጠውን ቀባችው። ማንም እንዳይነካው ደግሞ አቤልን በሩ አጠገብ አቆመችው። አቤል ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ኪሊማኒ ከጓደኞቹ ጋር ይኖራል። ቅዳሜ ጠዋቱን ለእናቱ የሰጣት ለሁለት ሰዓት ብቻ ነበር።

ሚዛን ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ናይሮቢ ከገባች ሃያ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ከዚህ ውስጥ ሃያ አምስቱን መሃል ከተማ፣ አንድ የአየር መንገድ ቢሮ ውስጥ ትኬት ስትቆርጥ ኖረች። ሰው ትኬቱን በስልኩ መግዛት ሲለምድ ቢሮው ስድስት ሰው ቀነሰ፤ አንዷ እሷ ነበረች። ባሏ መልአኩ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበር፤ ከአራት ዓመት በፊት ሞተ። ትቶላት የሄደው ንብረት ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር ያለው ይህ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ቤቱን ለሽያጭ ካቀረበችው ዘጠኝ ወር አለፈ። በዘጠኝ ወር ሠላሳ አንድ ሰው አይቶታል። ተመልሶ የደወለ የለም።

መሸጥ የፈለገችው ሌላ ቤት ስላየች ነው። ሁርሊንግሃም፣ ከሆስፒታሎቹ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ቦታ፣ ሠርክ የምትባል ሴት ከኢትዮጵያ ለሕክምና የሚመጡ ሰዎችን ታሳድራለች። አራት ክፍል አላት። ታበስልላቸዋለች፣ ሐኪም ዘንድ ይዛቸው ትሄዳለች፣ ትተረጉምላቸዋለች። አሁን ጉልበቷ እምቢ ስላላት ሥራውን ለሚዛን ልትለቅላት ተስማምታለች። የቤቱ ባለቤት ግን የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ካልተከፈለኝ ብሏል። የቀጠረው ቀን ጁን 30 ነው። ያን ቀን ካለፈ ቤቱን ለአንድ የጥርስ ሐኪም ያከራየዋል። ሳውዝ ሲ ባለው ቤቷ እንዳትሠራ ደግሞ የሰፈሩ ኮሚቴ በግቢው ውስጥ እንግዳ ማከራየትን ከልክሏል።

ይህን ከአቤልና ከሠርክ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሚዛን ያላለቀ ነገር አታወራም። ትኬት ቤት የተማረችው ነው፤ ያልተረጋገጠ ወንበር ለመንገደኛ አይነገርም።

አራት ሰዓት ላይ ደላላዋ ዋንጂኩ ባልና ሚስት አስከትላ መጣች። ከመግባታቸው በፊት ሚዛንን ወደ ጎን ሳበቻት።

«ማማ አቤል፣ ምን ይሸታል?»

«ሳምቡሳ ነው። የምስር።»

«ተነጋግረን ነበር እኮ!»

«ሰው ቤቴ መጥቶ አፉን ሳያሟሽ ይሂድ?»

«አዎ! ይሂድ! ሊበላ አልመጣም። ያበላሽው ሰው ሁሉ አርባ ደቂቃ ሶፋ ላይ ይቀመጥልሻል፣ ይመርቅሻል፣ ይሄዳል። አንድም ቀን ወደ ፎቅ የወጣ አለ? ሽንት ቤቱን ያየ አለ?»

እውነቷን ነበር። ሚዛን ሳምቡሳውን ምድጃ ውስጥ ደብቃ ወደ ጓሮ ወጣች። በውሃ ታንከሩ ዙሪያ ስትዞር ቆየች። አምስት ጊዜ ዞረች። ስድስተኛውን ስትጀምር ሰዎቹ ወጥተው መኪናቸውን አስነሱ።

ዋንጂኩ ባዶው ሳሎን መሃል ቆማ አገኘቻት።

«ምን አሉ?»

«ሴትየዋ መኝታ ቤቱ ሁለት ብቻ ነው ወይ አለች። ሰውየው አጨበጨበ።»

«ወደደው?»

«አልወደደውም። ድምፁ እንዴት እንደሚያስተጋባ ሊሰማ ነው። ሶፋውን ስናወጣ ባሰበት፤ የስብሰባ አዳራሽ መሰለ። ማማ አቤል፣ በዚህ ግቢ ያለው ቤት ሁሉ ባለ አራት መኝታ ነው። ያንቺ ሁለቱ የት ሄዱ?»

የት እንደሄዱ ሚዛን ታውቃለች። ባሏና እሷ በወር አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ የሚካኤል ማኅበር ነበራቸው። የአባላቱ ቁጥር ከቤተሰባቸው ጋር አርባ ይደርሳል። አብዛኞቹ ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ስለሚኖሩ ተራው የደረሰው ሰው ምግብና መጠጡን ይዞ እነሚዛን ቤት ይደግስ ነበር። አንድ ዓመት ሰው በረንዳ ላይ ዝናብ መታው። መልአኩም በሚቀጥለው ቅዳሜ ማኅበርተኞቹን መዶሻ አስይዞ ጠራቸውና ከታች የነበሩትን ሁለት መኝታ ክፍሎች አፍርሰው ከሳሎኑ ጋር ቀላቀሏቸው። ከዚያ በኋላ ማንም በረንዳ ላይ አልቆመም።

«ግድግዳውን መልሺው» አለች ዋንጂኩ። «ሁለት ቀን አይፈጅም። ፉንዲ እኔ አመጣልሻለሁ። ቤቱ ባለ አራት መኝታ ሲሆን ሳውዝ ሲ ውስጥ የሚገዛው ሞልቷል።»

ሚዛን ቀን ቆጠረች። ሠላሳ ሰባት ቀን ቀርቷታል።

«ሰኞ ይምጣ» አለች።

ፉንዲው ሰኞ በአንድ ሰዓት መጣ። ብሎኬት ደርዳሪ ሽማግሌ ነበር፤ ሥራው ላይ አያወራም። ሚዛን ግን አላስቀመጠችውም። ውሃ ልኩን እያነሳች ራሷ ትለካለች፤ ሲሚንቶው ሳይቦካ ይደርቃል ብላ ውሃ ትጨምራለች። ከሰዓት በኋላ ሰውዬው የግንበኛ ማንኪያውን አስቀመጠና «ማማ፣ አንቺ ሥሪው፣ እኔ ላግዝሽ» አላት። ከዚያ በኋላ ጓሮ ቆየች።

በነጋታው ጋሼ ካሣሁን መጡ። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ኢንዱስትሪያል ኤርያ የመኪና ጎማ ይሸጣሉ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ እሳቸው ናቸው። ማን እንደነገራቸው አልታወቀም። ጫማቸውን ሲሚንቶ እንዳይነካው በጫፍ በጫፉ እየረገጡ ገቡና ወገብ የደረሰውን ግድግዳ ተመለከቱ።

«መልአኩ ያፈረሰውን አንቺ ትሠሪዋለሽ?»

«እሱ ሲያፈርስ እኔን አልጠየቀኝም፣ ጋሼ።»

«አብረን ነው ያፈረስነው። በዚህ እጄ ነው መዶሻ የያዝኩት!»

«አውቃለሁ። አቧራውን የጠረግኩት እኔ ነኝ።»

ፉንዲው ቋንቋው ባይገባውም ብሎኬቱን በቀስታ ማስቀመጥ ጀመረ።

«የሰኔ ሚካኤል እስኪያልፍ እንኳ አትታገሺም? ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።»

«አልችልም።»

«ማን ያባርርሻል?»

ሚዛን ጎንበስ ብላ ለፉንዲው ብሎኬት አቀበለችው። ጋሼ ካሣሁን ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደው የማኅበሩን ጽዋ አወረዱ፤ በነጠላቸው ጠቀለሉት።

«ሰኔን እኔ ቤት እናደርገዋለን። በጠባቡ» አሉና ወጡ።

ግድግዳው ሐሙስ አለቀ፤ እሑድ ተቀባ። ሚዛን አላረፈችም። የሳሎኑን አምፖሎች ቀየረች፤ ነጭ ሲበዛ ሆስፒታል መሰለባትና እንደገና ቀየረቻቸው። ወፍራሙን ቀይ መጋረጃ አውርዳ ስስ ሰቀለች። ከጓሮ ያለውን የሠራተኛ ክፍል በር አሳደሰች፤ ኬንያዊ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና። የመልአኩን ትልቅ ፎቶግራፍ አንሥታ ወደ ፎቅ ወሰደችው። የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ዋንጂኩ አንሺው ስትላት ግን «እሱ ከቤቱ ቀድሞ አይወጣም» አለችና መኝታ ቤቷ ሰቀለችው። ሌሊት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ የሰማች እየመሰላት ሦስት ጊዜ ትነሣለች።

በጁን ሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት ሰው መጣ። አራቱ መኝታ ቤቶቹን ቆጥረው ደስ አላቸው፤ ሳሎኑን አይተው ግን ጠበበን አሉ። አምስተኛው መኪናው ውስጥ ሆኖ በሩን አይቶ ተመለሰ። የሰኔ ሚካኤል ሐሙስ ዋለ። ማንም አልደወለላትም፤ እሷም አልሄደችም። ማታ አቤል ደወለ።

«ጋሽ ካሣሁን ቤት ሰዉ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነው የበላው፤ አይ ስዌር። ፎቶ ላኩልኝ።»

«አትላክልኝ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ቅዳሜ፣ ጁን 21፣ አብዱልአዚዝ ከሚስቱ ጋር መጣ። ሚዛን ታስታውሰዋለች። ድሬዳዋ ያደገ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ጃንዋሪ ላይ አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር። ያኔ ለሙስሊም እንግዳ የሚሆነውን ታውቃለችና የምስር ሳምቡሳ፣ ቴምርና ሻይ አቅርባለት ነበር። ዛሬ ወደ ሳሎኑ ሁለት እርምጃ ገባና ቆመ።

«እትዬ፣ ሳሎኑ የታል?»

«ይኸው።»

«ይሄማ ኮሪደር ነው። ያ ያየነው ሳሎን የታል?»

«ግድግዳውን መለስነው። አሁን ባለ አራት መኝታ ነው።»

ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ምነው እትዬ! እኛ እኮ የመጣነው ለሳሎኑ ነው። እናቱ አለች፣ ስምንት ወንድሞች አሉት፣ ልጆቻቸው አሉ። ጁምዓ ጁምዓ ሁሉም እኛ ጋ ናቸው። አፓርታማው ጫማ ማውለቂያ እንኳ አልተረፈው!»

ሚዛን ግድግዳውን ተደገፈች። ቀለሙ ገና አዲስ ነበር።

«ታዲያ አምስት ወር ሙሉ ለምን አልደወላችሁም?»

«ምን ብዬ ልደውል?» አለ አብዱልአዚዝ። ድሬዳዋ ያደገ ሰው አንቱታ አያበዛም። «ሳምቡሳሽን በልቼ፣ ሻይሽን ጠጥቼ፣ ዋጋሽ በዝቷል ልበልሽ? አፈርኩ። ኤፕሪል ላይ የሚስቴን ወንድም ላክሁት፣ እሱ ይከራከርልኝ ብዬ። እሱን ደግሞ ምሳ አበላሽው!»

«ያ ቀጭኑ? ሁለቴ ያስጨመረው?»

«እሱ ነው። ቤቱ እንዴት ነው ስለው ስለ ምስር ወጡ ብቻ ነው ያወራኝ።»

ሚስቱ ሳቀች። ሚዛን አልሳቀችም። ዘጠኝ ቀን ነው የቀራት፤ ገዢዋ ደግሞ አምስት ወር ሙሉ ሁለት መንገድ ማዶ ተቀምጦ ነበር።

«ግድግዳ ይፈርሳል» አለ አብዱልአዚዝ። «ግን እኔና አንቺ ዋጋ አንነጋገርም። እኔ አጎቴን ሐጂ ከሊድን አመጣለሁ። አንቺም ሰውሽን አምጪ። ማክሰኞ።»

ዋንጂኩ ከጎን ሆና ሁለቱን ስትመለከት ቆይታ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። ሚዛን ነገረቻት።

«ለመከራከሩማ እኔ አለሁልሽ! ለዚህ አይደል የምትከፍዪኝ?»

«ሽማግሌ ነው የሚፈልጉት።»

«ሽማግሌ ማለት ደላላ ነው?»

«አይደለም። አይከፈለውም።»

«ካልተከፈለው ለምን ይመጣል?»

ሚዛን ማንን እንደምታመጣ ታስብ ነበር። የባሏ ወንድሞች ኬንያ የሉም። ሐጂ ከሊድን የሚያህል ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚከራከርላት፣ ቃሉ የሚከበር ሰው አንድ ብቻ ነበር። እሱም ጽዋውን ይዞ የወጣው ነው።

ሰኞ ጠዋት ጎማ መሸጫው ሲከፈት በሩ ላይ አገኟት።

«ይቅርታ ልጠይቅ አልመጣሁም» አለች። «ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ነው።»

ጋሼ ካሣሁን ቁልፉን ከጓጉንቸሩ አላወጡም። «ግድግዳ ስትሠሪ ሽማግሌ አላስፈለገሽም።»

«አላስፈለገኝም። አሁን አስፈለገኝ።»

«ምን ዓይነት ሴት ነሽ አንቺ?» በሩን ከፈቱት። አንድ ጎማ አንከባለው አስተኙና ተቀመጪበት አሏት። አልተቀመጠችም። «ሸጠሽ አሜሪካ ነው የምትሄጂው? እህትሽ ጋ? ማኅበሩ እንደሱ ነው የሚያወራው።»

«እህቴን አሥር ዓመት አላየኋት። ሁርሊንግሃም ነው የምሄደው።»

«ሁርሊንግሃም ምን አለ?»

ነገረቻቸው። ስለ አራቱ ክፍሎች፣ ስለ ሠርክ ጉልበት፣ ስለ ጥርስ ሐኪሙና ስለ ጁን 30 ቆማ ነገረቻቸው። ጋሼ ካሣሁን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለካ የትም አትሄጂም?»

«የት እሄዳለሁ?»

«ታዲያ ይሄን ያን ቀን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«አልጠየቁኝም።»

«ማን ያባርርሻል ብዬሻለሁ!»

«እሱ ጥያቄ ነው እንዴ? ስድብ መስሎኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉ፤ ብዙ ጠረጉ። «ሐጂ ከሊድን አውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሁለት ጊዜ የከባድ መኪና ጎማ ሸጬለታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አክስሮኛል። ማክሰኞ አሥር ሰዓት እመጣለሁ። አንድ ነገር ስሚኝ፤ እስክንጨርስ ድረስ ውሃ እንኳ እንዳታቀርቢ። ያን ሰውዬ ሳምቡሳ ካበላሽው አለቀልሽ።»

ማክሰኞ ሁለቱ ሽማግሌዎች በጠበበው ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አብዱልአዚዝ ከአጎቱ ኋላ ሆነ። ዋንጂኩ በመሃል ስልኳን ይዛ ተቀመጠች፤ የሚባለውን አቤል አጠገቧ ተቀምጦ በጆሮዋ ይተረጉምላታል። ሚዛንን ጋሼ ካሣሁን «አንቺ ውጪ» አሏት። ባለቤት ሲደራደር ፊቱ ያሳብቃል።

ወጥ ቤት ገባች። የታጠበውን ብርጭቆ አጠበች። ከዚያ ሰሐኖቹን። ድምፃቸው በመስኮቱ ይሰማታል። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ስለ ቤቱ አልተነሣም፤ ስለ ሞያሌ መንገድ፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ሐጂ ከሊድ የልጅ ልጆች ነበር የሚያወሩት። ሚዛን ወደ ጓሮ ወጥታ ገባች። ደግማ ወጣች። ስትመለስ ሐጂ ከሊድ አሥራ አምስት ሚሊዮን ሲሉ ሰማች። እሷ የጠየቀችው አሥራ ሰባት ተኩል ነበር።

«አሥራ አምስት ያለ ጣሪያ ነው?» አሉ ጋሼ ካሣሁን።

«ከጣሪያው ጋር ነው። ግድግዳውን ግን ለማፍረስ ወጪ አለብኝ።»

«እሱን እኔ በነጻ አፈርስልሃለሁ። ልምድ አለኝ።»

ሐጂ ከሊድ ሲስቁ ተሰማ። ቁጥሩ ወጣ፣ ወረደ። አሥራ ስድስት ተኩል ላይ ቆመ። ዋንጂኩ ለአቤል ጮክ ብላ «ገና አትቀበል በለው! አሥራ ሰባት ሊደርስ ይችላል!» አለች። ሚዛን በመስኮቱ በኩል የጋሼ ካሣሁንን ማጅራት ብቻ ነው የምታየው።

«ሐጂ» አሉ፤ «ዋጋውን አሥራ ስድስት ላድርግልህ።»

ሚዛን ሰሐኑን አስቀመጠች። ከሷ ሰው አፍ ግማሽ ሚሊዮን ሽልንግ ሲወድቅ ሰማች።

«ምን አስበህ ነው?» አሉ ሐጂ ከሊድ በጥርጣሬ።

«ሁሉም ሰው ውል ሲፈርም አሥር በመቶ ይሰጥና ቀሪውን በሦስት ወር ይከፍላል። እናንተ ሃያ በመቶ ትሰጣላችሁ። እስከ ዐርብ።»

«እስከ ዐርብ! ለምን?»

«እሷ የምታውቀው ጉዳይ ነው። አሥራ ስድስትና ዐርብ፤ ካልሆነ አሥራ ሰባትና የፈለጋችሁት ቀን። ምረጡ።»

ሐጂ ከሊድ ዞር ብለው ከአብዱልአዚዝ ጋር በሶማልኛ ተነጋገሩ። ረጅም ነበር። ሚዛን በዚያ ጊዜ ውስጥ ከወጥ ቤት እስከ ታንከሩ አራት ጊዜ ተመላለሰች። አምስተኛውን ስትጀምር ጋሼ ካሣሁን በመስኮቱ ጠሯት።

«ሚዛን! አሁን ሻይ አምጪ።»

ዋንጂኩ ኮሚሽኗ ስለቀነሰ ተቆጥታ ሻዩን ሳትጠጣ ልትወጣ ተነሣች። ሐጂ ከሊድ በስዋሂሊ «ልጄ፣ አሁን መብላት ይቻላል፤ ጨርሰናል» ብለው አስቀመጧት። ተቀመጠች። አራት ሳምቡሳ በላች።

ውሉ ሐሙስ መሃል ከተማ በሚገኝ የጠበቃ ቢሮ ተፈረመ። ገንዘቡ ዐርብ ከሰዓት በኋላ ባንክ ገባ። ሚዛን ቅዳሜና እሑድን መተኛት አልቻለችም፤ ባንኩ ያረጋገጠላትን ወረቀት ሁለቴ ፎቶኮፒ አደረገችው። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሁርሊንግሃሙ ቤት ባለቤት ቢሮ በር ላይ ቆማ ነበር። ሰውዬው ሦስት ሰዓት ከሩብ ገባ፤ የስድስት ወሩን ኪራይ ተቀብሎ ቁልፉን ሰጣት።

የመጀመሪያዋ እንግዳ በኦገስት አጋማሽ ከደሴ ለዓይን ቀዶ ሕክምና የመጣች መምህርት ነበረች። አሥራ ሰባት ቀን ቆየች።